ሻምበል ይርጋና የተፋቀው ገጽ

ሻምበል ይርጋ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን፣ በምኖርባት በሱዳኗ ዶካ፣ ሰሊጥ አራግፎ ከገዳሪፍ ከሚመለስ የመተማ ሾፌር ነው። ሾፌሩ ስማቸውን በቅጡ አያውቀውም ነበር።

«ያ ወፍጮ ቤት የነበረው ሽማግሌ፣ ካብቲን የሚሉት» አለኝ፣ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ። «አረፈ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ያጠፋበትን ሰዓት ጽፎ፣ ብዕሩን ከድኖ ነው አሉ የሞተው። እንዲህ ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም» አልሁት።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም። አንድ ሰው ከትከሻዬ ላይ የወረደ ያህል ቀለለኝ፤ ስለ እኔ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ሞቷልና። ሐዘኑ ከዚያ በኋላ መጣ። ከሐዘኑም በኋላ የቆየው ፍርሃቴ ተመለሰ፤ ሰው ሲሞት የተወው ዕቃ ይከፈታል፣ በዕቃው ውስጥም ወረቀት ይኖራል።

ሁለታችንም ሱዳን የገባነው መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። እሳቸው በአየር ኃይል የበረራ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔ የጥንት መዛግብት አጥኚ። ከመተማ ማዶ፣ በአገሬ፣ ምን ይጠብቀኝ እንደ ነበር አልዘረዝርም። የሚጠብቀኝ ነገር ነበር፤ ያ ይበቃል። በኪሴ የነበረው የስደተኛ ካርድ የእኔ አልነበረም። ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ወዳጄ ትቶልኝ የሄደ ነው። ፎቶግራፉ ስለ ደበዘዘ ፊቱ ማንንም ይመስል ነበር። ስለዚህ በሌላ ሰው ስም እጠራ ነበር። ከመፈረም ግን በተቻለኝ ሁሉ እሸሽ ነበር፤ የካርዱ ባለቤት ፊርማ ከፎቶው ሥር ደምቆ ይታይ ነበርና፣ የእኔ እጅ ደግሞ እሱን መምሰል አልቻለም።

በዚያ ዘመን ከሻ የሚባል ነገር ነበር። ፖሊስ ገበያውን በድንገት ይከብባል፤ ወረቀት የሌለው ሐበሻ በጭነት መኪና ይጫናል፤ መኪናው በዶካ አድርጎ ገላባት ይደርሳል፤ ከገላባት ማዶ መተማ ነው። ያንን መንገድ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስሁበት አላውቅም።

ሥራ ያገኘሁት ሐጅ ባቢክር ከሚባሉ ባለ ሰፊ እርሻ ነጋዴ ዘንድ ነው። ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጥቁሩ መረሬ መሬት ላይ፣ ሁለት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ነበሯቸው። ማሽላው ሲያሸት የግሪሳ መንጋ እንደ ደመና ይመጣል፤ አውሮፕላኖቹ ወፉ በሚያድርበት የግራር ጫካ ላይ መድኃኒት ይረጩበታል። ሻምበል ይርጋ ያበርሩ ነበር፤ የሐጅን የወንድም ልጅ ሙባረክንም ያስተምሩ ነበር። እኔ መዝገብ ያዥ ነበርሁ። ሱዳኖቹ «ካብቲን» ይሏቸዋል፤ እኛ «ሻምበል»። እሳቸው እኔን «መምህር» ይሉኝ ነበር። ካርዱ የእኔ አለመሆኑንና እውነተኛ ስሜን የነገርኋቸው በአንድ የድካም ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በካርዱ ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርተውኝ አያውቁም።

ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ትንሽ ወደ ግራ የሚያዘነብሉ ሰው ነበሩ። የእጅ ሰዓታቸውን መስታወቱን ወደ ውስጥ አዙረው፣ በእጃቸው መዳፍ በኩል ያስሩ ነበር። ከመጻፋቸው በፊት ብዕራቸውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ይሞክራሉ፤ ስለዚህ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። የበረራ ደንቡን መጽሐፍ ሲሸሹ አላመጡትም፤ ነገር ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ አንቀጹን በቃላቸው ይወርዱት ነበር። «ብዙ አስተማሪ መብረር ያውቃል» ይሉ ነበር፤ «ማን የቱን ሰዓት በማን ስም መጻፍ እንዳለበት ስትጠይቀው ግን ጣራ ጣራውን ያያል።»

አንድ ጊዜ ከካርቱም የመጣ አስተማሪ የሙባረክን መዝገብ ሊያይ ተቀምጦ ሳለ ጠየቁት፦

«ተማሪና አስተማሪ አብረው አንድ ሰዓት ቢበሩ፣ ስንት ሰዓት ይጻፋል?»

«ሁለት» አለ ሰውየው፣ ፈጠን ብሎ።

«ተማሪው ተማርሁ ብሎ አንድ ይጽፋል። አስተማሪው አዘዝሁ ብሎ አንድ ይጽፋል። አውሮፕላኑም በራሱ መዝገብ አንድ ይጽፋል። ሦስቱ ግን ያው አንዲት ሰዓት ናት» አሉት። «ሦስት ምስክር አላት ማለት ነው። አንዱ ምስክር ከሌሎቹ ከተጣላ ሁለቱም አይታመኑም።»

ሰውየው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሦስተኛውን ምስክር፣ የአውሮፕላኑን መዝገብ፣ የምጽፈው እኔ ነበርሁና።

ሙባረክ መልካም ልጅ ነበር፤ ነገር ግን ለአብራሪነት ፈቃዱ የሚፈለገው ሰዓት አልሞላ ብሎት ይቸኩል ነበር። አንድ ጧት ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጎማው ሳይነቃነቅ አርባ ደቂቃ ተቀመጠና በመዝገቡ ላይ አርባ ደቂቃ ጻፈ። ሻምበል አዩት።

«የበረራ ሰዓት የሚጀምረው አውሮፕላኑ ለመብረር ብሎ በራሱ ጉልበት ከቆመበት ሲነቃነቅ ነው» አሉት። «የሚያልቀው አርፎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሞተር መጮኹ በረራ ከሆነማ፣ የአጎትህ ወፍጮም አብራሪ ነው።»

ሐጅ ባቢክር ራሳቸው መጡ፤ ነጭ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ከሻምበል አንገረብ፣ ከገመድ አልጋቸው፣ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ካብቲን፣ አሥር ሰዓት ጨምርለት። አሥር ሰዓት ምንድን ነው? ቀለም ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም።»

«ሐጅ፣ ቀለም ከቤንዚን ይልቅ ይቃጠላል።»

«አንተ ሐበሻ ነህ ወይስ ፈረንጅ?» ብለው ሐጅ ተቆጥተው ሄዱ። ሻምበል ግን የብዕራቸውን ክዳን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሐጅ ቢያባርሯቸው መጠጊያ አልነበራቸውም፤ ለእሳቸውም ከመተማ ማዶ የሚጠብቃቸው ነበር። የፈራ ሰው እምቢ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ» አሉኝ፣ ሐጅ ከራቁ በኋላ። «ጦርነት ነበር፤ አብራሪ በቶሎ ተፈለገ። ለአንድ ተማሪዬ ያልበረረውን ሃያ ሰዓት ጻፍሁለትና ፈረምሁ። ያ ሃያ ሰዓት፣ ደመና ውስጥ፣ ከተራራ በላይ፣ ተፈለገበት፤ አልተመለሰም።»

ስለ ስህተት አጻጻፍ የተከራከርነውን አልረሳውም። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በስለት ይፋቃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በላዩ ይጻፍበታል፤ ሥራው ያማረ ከሆነ የንጉሥ ዓይን እንኳ አይለየውም። ያደግሁት ይህን እንደ ጥበብ ቆጥሬ ነው። ሻምበል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብራና ቆዳ ነው፤ ቆዳ ቁስሉን ይችላል። ወረቀት ያሳብቃል። በእኛ ደንብ ስህተት አይጠፋም፣ ይሰመርበታል። አንድ መስመር ብቻ። ከሥሩ ያለው ይነበባል። ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ከዚያ የተሳሳተው ሰው ይፈርማል። ሌላ ሰው ሊፈርምለት አይችልም።»

«ስህተቱን ለዓለም ማሳየት ነው እንዴ?»

«ለዓለም አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚበረው ነው።» ከዚያም እኔ መዝገቡን ላጥፈው ስል እጄን ያዙ። «ቆይ። ቀለም ሳይደርቅ መዝገብ አይዘጋም፤ ለማዶው ገጽ ይናገራል።»

ነገሩ የሆነው ሁለቱ መንግሥታት በተኳረፉበት ዓመት ነው። ድንበሩ ተዘግቶ ነበር። ገላባት አካባቢ ገበሬዎች ሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን ብለው አወሩ፤ እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም አላውቅም። ሻምበልና ሙባረክ አንድ ጧት በዶካና በገላባት መካከል ያለውን ጫካ፣ ግሪሳው የሚያድርበትን ሊፈልጉ፣ በረው ተመለሱ። ሻምበል ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ወባ ይዟቸው ነበር። አንገረባቸው ላይ ተጋድመው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነገሩኝ፦

«ሁለት ከሩብ ተነሣን፤ ሦስት ተኩል አረፍን።»

በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ስለዚህ በአገራችን ሰዓት። እኔ ሁልጊዜ በልቤ ስድስት እየደመርሁ በሱዳን አቆጣጠር ነበር የምጽፈው። ያን ቀን ግን ብዕሬን እንዳነሣሁ ዘሃራ በሩን ገፍታ ገባች። ዘሃራ የወሎ ሰው ናት፤ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበራት፣ ሻምበልም የተከራዩት የእሷን ግቢ ነው።

«መምህር፣ ዛሬ ወደ ከተማ እንዳትገባ» አለችኝ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከሻ ነው። ሁለት መኪና ሞልተው ሄዱ። ቡና አፍዪዋን እንኳ ከነጀበናዋ ጫኗት።»

እሷ ስትሄድ እጄ ጻፈ፤ ልቤ ግን እጄ ጋ አልነበረም። የጻፍሁት 2፡15 እና 3፡30 ነው። ሻምበል ትኩሳት ላይ ሆነው፣ ገጹን ሳያነቡ ፈረሙ። ሳያነቡ ሲፈርሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስላመኑኝ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ኀሙስ ዕለት፣ ሐጅ ባቢክር አምን የሚባሉት የደኅንነት ሰዎች ቅዳሜ መዝገቡን ሊያዩ እንደሚመጡ ነገሩን። ቀና ብዬ መዝገቡን ገለጥሁ፤ ያንን ገጽ አየሁ። በሱዳን አቆጣጠር 2፡15 ድቅድቅ ሌሊት ነው፤ በዚያ ሌሊት፣ በተዘጋ ድንበር አጠገብ፣ የእኛ አውሮፕላን በሯል፤ በእኔ እጅ ተጽፎ፣ በእሳቸው ተፈርሞ።

ሮጬ ነገርኋቸው። ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያም ረጋ አሉ።

«ይህ ስህተት ነው። እስካሁን ከስህተት አላለፈም» አሉኝ። «አንድ መስመር አስምርበት። ስምንት ከሩብ፣ ዘጠኝ ተኩል ብለህ በሱዳን ሰዓት ጻፍ። ፈርም። ሙባረክም አብሮኝ ነበር፤ የእሱም የእኔም መዝገብ ጧት ይላሉ። ቅዳሜ እኔው ራሴ ገልጬ አስረዳቸዋለሁ።»

«እሺ ሻምበል» አልሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሁሉም ለሶላት፣ ሻምበልም ወደ ዘሃራ ግቢ ሄዱ። በግቢው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። መዝገቡን ገልጬ ብዕሩን ያዝሁ። መስመሩን ማስመር ቀላል ነው፤ ፊርማው ግን? በየትኛው ስም? በካርዱ ስም ብፈርም፣ «ካርድህን አምጣ» የሚል ሰው ነው ነገ የሚያነበው። በእውነተኛ ስሜ ብፈርም፣ ያ ሰው በሱዳን ምድር የለም። ጭነት መኪናው፣ ዶካ፣ ገላባት፣ መተማ በዓይኔ ዞሩ። ብዕሩን አስቀምጬ ምላጭ አነሣሁ።

አባቴ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ፋቅሁት። ትንፋሼን ይዤ፣ ስለቱን አጋድሜ፣ ቀለሙን እንደ አቧራ አነሣሁ። ገጹን በጥፍሬ አለሰለስሁ። በላዩ 8፡15 እና 9፡30 ብዬ ጻፍሁ። ያማረ ሥራ ነበር፤ ለአፍታ እንኳ ኰራሁበት፤ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ኩራት ነው። ለሻምበል ግን ምንም አልነገርኋቸውም። ማታ ሲጠይቁኝ «ታርሟል» አልሁ።

ቅዳሜ አንድ መኮንን መጣ። የሚያስፈራ ሰው አልነበረም፤ ረጋ ያለ፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስባሐውን፣ የሚቆጥር፣ ሻዩን ሁለት ጊዜ አመስግኖ የጠጣ። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጾቹን ገለጠ። እኔ ከመዝገብ ሣጥኑ አጠገብ ቁልፉን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ያ ገጽ ደረሰ። መኮንኑ አየው፤ አለፈው። እስከ መጨረሻው ገለጠና መዝገቡን ዘጋ።

«ኸላስ፣ በቃ፤ ንጹሕ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ሻምበል ይርጋ ተናገሩ።

«ይቅርታ፣ አንድ የታረመ ገጽ አለ፤ አልፈውታል። ሳላሳይዎት ቢሄዱ ደስ አይለኝም።»

ሊያስቆማቸው የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነበርሁ። እኔ ግን ከሣጥኑ አጠገብ አልተነቃነቅሁም።

ሻምበል ገጹን ገለጡ። መስመሩን ፈለጉ። ሰማያዊው አውራ ጣታቸው በቁጥሮቹ ላይ አንድ ጊዜ አለፈ፤ ወረቀቱ እንደሳሳ በጣታቸው አወቁ። ወደ እኔ አልዞሩም። ያን ያህል ዘመን ስለ እሳቸው ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ያልዞረ አንገት ነው። መኮንኑ ግን ፊታቸውን አየ። መዝገቡን ከእጃቸው ወስዶ ገጹን ብቻውን አነሣና ወደ መስኮቱ ያዘው። የገዳሪፍ ፀሐይ በተፋቀው ሥፍራ በኩል አለፈች፤ ከ8ቱ ሥር 2ቱ፣ ከ9ኙ ሥር 3ቱ እንደ ጥላ ቆመው ታዩ።

ሻምበል ሊያስረዱ ሞከሩ፤ የእኛ ሰው ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ ሁለት ሰዓት የሚለው ጧት መሆኑን ተናገሩ። ሙባረክም ከበሩ ላይ ሆኖ «ወላሂ ጧት ነው፣ እኔም አብሬ ነበርሁ» ብሎ ማለ። መኮንኑ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ሰማ።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ሐበሾች እንዲህ እንደምትቆጥሩ ሰምቻለሁ። ስህተት ከሆነ ግን፣ ካብቲን፣ ለምን ተፋቀ?»

ገጹን ወደ ሁላችንም አዞረ።

«ማን ነው የፋቀው?»

«ፊርማው የእኔ ነው» አሉ ሻምበል። ይህ እውነት ነበር። ቀጥለውም «እጁም የእኔ ነው» አሉ። ይህ ግን ሐሰት ነበር። ስላልተበረረ አሥር ሰዓት መጠለያቸውን ሊያጡ የተዘጋጁ ሰው፣ በፊቴ ያልሠሩትን ሠራሁ አሉ።

መኮንኑ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይህስ?»

«ቁልፍ ያዥ ነው።»

ቁልፉ በእጄ ነበር። መኮንኑ ይዟቸው ሄደ። በመኪናው ሲወጡ የእጅ ሰዓታቸውን ሲያዩ አየሁ፤ የተነሡበትን ሰዓት እያሰቡ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ክረምት እንዴት እንደኖርሁት ለመንገር ቃል የለኝም። መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ምግቤን ጥዬ እነሣ ነበር። ሰው ከኋላዬ «መምህር» ብሎ ሲጠራኝ አልዞርም። ወደ ከሰላ እስር ቤት ወስደዋቸዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ይመረመራሉ ሲሉ ሰማሁ። የሚፈልጉት አንድ ስም መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያን ስም፣ እውነተኛውን ስሜን፣ ሻምበል ያውቁት ነበር። ያልተያዝሁበት እያንዳንዱ ቀን እሳቸው ዝም ያሉበት ቀን ነበር። ይህን እያወቅሁ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ለሰው ሰላምታ ሰጠሁ።

መንግሥታቱ ሲታረቁ ተፈቱ። አውሮፕላኖቹ ተሸጠዋል፤ ፈቃዳቸው ተወስዷል፤ ዳግመኛ አልበረሩም። ሐጅ ባቢክር አዝነውላቸው የወፍጮ ቤታቸውን ሞተር እንዲያንቀሳቅሱ ሰጧቸው። ሄጄ እስክጎበኛቸው አራት ወር ፈጀብኝ። በሩ ላይ ስቆም ዱቄት የጠገበ ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

«መምህር፣ ምነው ከሳህ?» አሉኝ። አጥንት ብቻ የቀሩት እሳቸው ነበሩ።

«ሻምበል፣ እኔ ያን ዓርብ...»

«በረራው ጧት ነበር ወይስ ሌሊት?»

«ጧት ነበር።»

«እሱን ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረው በአፍ አይታረምም።» ከዚያ ሞተሩን ሊያስነሡ ተነሡ። በግድግዳው ላይ ሞተሩ የሚነሣበትና የሚጠፋበት ሰዓት በቀን በቀን ተጽፏል። ዓይኔ እዚያ ላይ መቆየቱን አዩና ፈገግ አሉ። «ሙባረክ እንዳይሰማ። ይኸው፣ ወፍጮው አብራሪ ሆነ።»

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አገኘሁ ብዬ ዶካ ገባሁ፤ የሸሸሁት ግን እሳቸውን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እጠይቃቸው ነበር። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እናወራለን። ልሰናበት ስነሣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኝ ነበር።

«ብዕር ይዘሃል?»

«አልያዝሁም፣ ሻምበል።»

«እንግዲያው በደኅና ግባ።»

የእርጅና ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ቢያንስ እንዲመስለኝ አደርግ ነበር።

ሾፌሩ በነገረኝ ማግሥት ገዳሪፍ ሄድሁ። ዘሃራ አርጅታለች፤ ምላሷ ግን አላረጀም።

«አሁን መጣህ?» አለችኝ። «ለቀብሩ ሰው ጠፍቶ ሱዳኖቹ ናቸው የተሸከሟቸው። አንተ ዶካ ሆነህ ምን ትጠብቃለህ፣ ንግሥና?»

«አልሰማሁም፣ ዘሃራ።»

«ብትሰማስ ትመጣ ነበር? ደሞ እንደ ፈራህ ነህ፤ ፊትህ ያስታውቃል። ና፣ ግባ። ለአንተ የተቀመጠ አለ።»

በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ከሣጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ገና ሳልፈታው አወቅሁት፤ የአውሮፕላኑ መዝገብ ነበር።

«ሲፈቷቸው ዕቃህን ውሰድ ብለው ከቀበቶና ከሰዓታቸው ጋር ሰጧቸው» አለች። «ለምን እንደ ሰጧቸው እሳቸውም አልገባቸውም። ያን ጊዜውኑ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠው ጻፉበትና ጠቀለሉት። ‹መምህር ብዕር ይዞ የመጣ ቀን እሰጠዋለሁ› ይሉኝ ነበር። እኔማ ‹አባቴ፣ ብዕር ገበያ ሞልቷል፣ ገዝተው ይስጡት› እላለሁ፤ ይስቃሉ።»

ገጹ በራሱ ተከፈተ። የፋቅሁበት ሥፍራ ብጫ ሆኗል። ከእኔ 8፡15 እና 9፡30 በላይ፣ በባዶው ኅዳግ፣ በሻምበል ይርጋ ቀጥ ያለ እጅ፣ 2፡15 እና 3፡30 ተብሎ ተጽፏል። ያጠፋሁትን ስህተት መልሰው ጽፈውታል። አላሰመሩበትም። ከጎኑ ለትክክለኛው ሰዓት የሚሆን ሥፍራ ትተዋል፤ ቀጥሎም አራት ማዕዘን ሠርተው፣ ውስጡን ባዶ ትተውታል። ከአራት ማዕዘኑ ሥር በትንንሽ ፊደል «የጻፈው ሰው ፊርማ» ይላል። ስም የለበትም። ያ መዝገብ በማንም እጅ ቢገባ ማንም አይያዝበትም ነበር።

ያ ሁሉ ዘመን የፈራሁት ስሜን እንዳይናገሩ ነበር። እሳቸው ግን ስሜን እኔ እስክናገረው ይጠብቁ ነበር።

ዛሬም በኪሴ ያለው ካርድ የእኔ አይደለም። ዛሬም ዶካ ውስጥ ፖሊስ ሲያልፍ መንገድ እቀይራለሁ። መዝገቡን ጠቅልዬ ልሄድ አስቤ እንደ ነበር አልደብቅም፤ እጄ ላስቲኩን ይዞ ነበር።

«ብዕር ይዘሃል?» አለች ዘሃራ። የጠየቀችው እንዲያው ነው፤ የሻምበልን ብዕር ልትሰጠኝ ፈልጋ። ክዳኑ ላይ ገና ዱቄት ነበረበት።

«አልያዝሁም» አልሁና ተቀበልኋት።

በጥፍሬ ላይ ሞከርሁት፤ ይጽፋል። በስህተቱ ላይ አንድ መስመር አሰመርሁ። ከሥሩ ይነበብ እንደሆነ አየሁ፤ ይነበባል። ከጎኑ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፍሁ። ከዚያ ፊርማዬን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እጄ ረስቶት ነበርና። በመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆመ፣ በሁለተኛው ላይ ተመለሰ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከሥሩም ሙሉ ስሜን ጻፍሁ፤ የአባቴን ስም ጭምር።

ዘሃራ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ «ይህ ደግሞ የማን ስም ነው?» አለች።

«የእኔ ነው።»

ተነሥታ ወደ ማጀት ገባች። «በል መዝገቡን ዝጋና እጅህን ታጠብ፤ ምሳ ቀርቧል» አለች ከውስጥ።

«መጣሁ» አልኋት። «ቀለሙ አልደረቀም።»